የኪራይ ደብተሬና የምክር ቤቱ ሪፖርት

ቲቸርን ጠይቁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህን ወር ደብዳቤዎቻችሁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው የአንድ ቤት ልጆች መሰሉኝ። አንዱ ስለ ሥራ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ፋብሪካ፣ ሌላው ስለ ስደት። ለያይቼ ልመልስ ብዬ ሞከርኩ፤ እምቢ አሉኝ። ከፋብሪካ የወጣችው ልጅ ናት ፓስፖርት የምታወጣው። ሥራ ያጣው ልጅ ነው የሞያሌን መኪና የሚጠብቀው።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ እዚሁ ሀዋሳ 22 ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ታቦር ተራራ በሚታይበት ግቢዬ ውስጥ በዕቁብ ብር ያሠራኋቸው አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። ከ2009 ጀምሮ ተከራዮቼ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ከእነሱ አንዷ ብቻ ቀርታለች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሎ በሚተላለፍበት ቀን ሬዲዮኔ አይዘጋም። ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ትዕዛዝ ቀነሰ ተባለና ከላይናችን ብዙዎቻችን ተቀነስን። አሁን ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ጀበናውንና ረከቦቱን የገዛሁት ተደራጅተን ባገኘነው ብድር ነው። ባለፈው ለምክር ቤቱ የሥራ ዕድል ሪፖርት ሲቀርብ በቴሌቪዥን አየሁ። ቁጥሩ በሚሊዮን ነው። እኔ እዚያ ውስጥ አለሁ? ካለሁስ ስንት ጊዜ ተቆጠርኩ?
(ባለጀበናዋ፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ይህን ክፍል ውስጥ ብትጠይቂኝ ኖሮ ሙሉ ማርክ ሰጥቼሽ ቀሪውን ክፍለ ጊዜ አንቺ አስተምሪ ብዬ እቀመጥ ነበር።

መልሱ፦ ሳትኖሪበት አትቀሪም። ምናልባትም ሁለቴ።

ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ቁጥር ስሙ «የተፈጠረ የሥራ ዕድል» ነው። ቋሚና ጊዜያዊ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ፋብሪካው ሲቀጥርሽ አንድ ዕድል ተፈጠረ። ተደራጅታችሁ ብድር ስትወስዱ ሌላ ዕድል ተፈጠረ። በመሀል ከፋብሪካ የወጣሽበት ቀን ግን «የተፈጠረ» ነገር ስለሌለበት በዚህ ስም ሥር ቦታ የለውም። መግቢያው በር ላይ ቆጣሪ ተቀምጧል፤ መውጫው በር ላይ ማንም የለም። ሪፖርቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ፋብሪካውም እውነት ነበር፣ ጀበናሽም እውነት ነው። ሁለቱን ደምሮ «ሁለት ሰው ሥራ ያዘ» የሚል ካለ ግን አንቺን ለሁለት ከፍሎሻል።

ሌላ ዓይነት ቆጠራም አለ። የስታቲስቲክስ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ «ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ሠራችሁ?» ብለው የሚጠይቁት ነው። በ2013 የተሠራው የሥራ ኃይልና የፍልሰት ጥናት የከተማ ሥራ አጥነትን 18.7 በመቶ አድርጎታል። እዚህም ጋ ጉድ አለ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንቱ ውስጥ አንዲት ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል። አንዲት ሰዓት! አንቺ አቦሉን ቀድተሽ በረካው ሳይደርስ «ሥራ አላት» ተብለሽ ተጽፈሻል።

ስለዚህ እኔ የምክር ቤት አባል ብሆን የሥራና ክህሎት ሚኒስትሯን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። አምና ሥራ ያዙ ካሉን ሰዎች ውስጥ ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ያሉት ስንት ናቸው? በስንት ብር?

ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ አልመጣልኝም። ከኪራይ ደብተሬ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ ስም፣ የገባችበት ቀን፣ የወጣችበት ቀን፣ የመብራት ሒሳብ። ከ2009 እስከ 2014 ድረስ በአራቱ ክፍሎቼ 31 የፓርክ ልጆች ገብተው ወጥተዋል። ከአለታ ወንዶ፣ ከቦሪቻ፣ ከሶዶ፣ ከአርሲ ነጌሌ፣ ከሆሳዕና የመጡ። ፓርኩ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩት ዘጠኝ ናቸው። ከቀሩት 22 ስምንቱ ወደ እናት አባታቸው ተመለሱ። ስድስቱ ዐረብ አገር ሄዱ። ሦስቱ እዚሁ ካፌና ሆቴል ገቡ፣ ሁለቱ አገቡ። የሦስቱን አላውቅም። አንዷ የመብራት 40 ብር ሳትከፍል ስለሄደች አሁንም ስሟ ላይ ቀይ መስመር አለ። ከሪያድ በደወለች ቁጥር «ቲቸር፣ መስመሩ አልጠፋም?» ትለኛለች።

ለምን እንደሚወጡ ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም፤ የደመወዝ ወረቀታቸውን ያሳዩኝ ነበር። በ2010 አንዷ ጀማሪ 750 ብር ትቀጠር ነበር። ከዚያ ላይ ለጡረታ 52 ብር ከ50፣ ለገቢ ግብር 15 ብር ይቆረጣል። እጇ የሚገባው 682 ብር ከ50 ነው። ክፍል ለአራት ሼር ያደርጋሉ፣ በሌሊት ሰርቪሳቸውን ይጠብቃሉ። (የእኔም ቤት ሰርቪስ፣ መኪናውም ሰርቪስ፤ «ሰርቪስ ቀረ» ስትል የትኛው እንደሆነ ሳይገባኝ ስንቴ ደንግጫለሁ።) ቀሪዋን ብር ወደ ቤት ልላክ ወይስ ልብላበት ብላ የምታስብ ልጅ ስድስት ወር ከቆየች ጀግና ናት።

ይህ የእኔ ግቢ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የእኛ ፓርክ ከመከፈቱ በፊት አምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። የተቀጠሩት አንድ ሦስተኛ በመጀመሪያው ወር ወጡ። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ወጥተው ነበር። በጥናቱ ሌላ ቡድን ነበረ፤ ለእነሱ 300 ዶላር ገደማ ተሰጣቸውና የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ጨመረ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። ስለዚህ ጀበናሽ ከፋብሪካው ያነሰ ሥራ ነው ብለሽ አንገትሽን አትድፊ፤ እንዲሁ ዘላቂ ነው ብለሽም አትዘናጊ።

ስለ ፓርኩ ደግሞ ከዚህ ቀደም የጻፍኩትን ባጭሩ ልድገመው። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ነው የተመረቀው። በዘጠኝ ወር ተሠራ፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ 52 ሼዶች አሉት። 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር፤ በደህናው ጊዜ ከ30 ሺህ አልፎ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ በአጎዋ በኩል ትሰጠን የነበረውን ከቀረጥ ነጻ ገበያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ዘጋችው። ያኔ ያለ አጎዋ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ ቀረጥ ነበረበት፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ልብስ እስከ 32 በመቶ። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያሠራው ፒቪኤች ገና ቀኑ ሳይደርስ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ፋብሪካውን እዘጋለሁ አለ። ያን ወር ግቢዬ ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት የእኔን ሁለት ክፍሎች ባዶ አደረገ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልሄድ። «ተቀነስን» ብለሻል። በሠራተኛ ቅነሳ የወጣ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ከዚያ በላይ ላለው ጊዜ ጭማሪ አለው፤ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ይታከላል። ተከፍሎሽ ከሆነ እሰየው። ካልተከፈለሽ ዛሬውኑ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሂጂ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ስድስት ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እኔ የባጃጅ ሹፌር ነኝ፤ የድሮ ተማሪዎ ነኝ፤ ከኋላ እቀመጥ ነበር። የምክር ቤት ጥያቄና መልስ ሳይ ሁሉም ጥያቄ በምስጋና ይጀምራል። ሚኒስትሩም «ትክክል ነው፣ ትኩረት እንሰጠዋለን» ብለው ይቀመጣሉ። እርስዎ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል ብለውናል። ሸውደውናል እንዴ?
(ከመናኸሪያ)

መልስ፦ ከኋላ ተቀምጠህ ትሰማ እንደነበር በማወቄ ደስ ብሎኛል። አልሸወድኳችሁም። ያስተማርኩት የተጻፈውን ነው።

የተጻፈው ይህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ መጠየቅ፣ አሠራራቸውንም መመርመር ይችላል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከዚያ ይጠነክራል። የአባላቱ አንድ ሦስተኛ ከጠየቀ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ሥልጣን ላይ ውይይት ይከፈታል፤ ምክር ቤቱም ያመነበትን እርምጃ መውሰድ ይችላል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛው 183 ሰው ገደማ ነው።

አሁን ሒሳቡን ሥራ። በ2013ቱ ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 አገኘ። አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሁለት፣ የግል ተወዳዳሪዎች አራት ነው ያገኙት። (የጌዴኦዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸውና በሬዲዮ ስሰማቸው ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።) ተቃዋሚዎችና የግሎቹ ሁሉም አንድ ላይ ቢቆሙ እንኳ 183 አይሞሉም። ገዢው ፓርቲ ራሱን በራሱ ካልጠየቀ በቀር ንዑስ አንቀጽ 18 መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄው በምስጋና የሚጀምረው ለዚህ ይመስለኛል። የራስህን አለቃ ስትጠይቅ መጀመሪያ ደህንነቱን ትጠይቃለህ።

ግን ሬዲዮውን አትዝጋው። ሁለት ቦታ ላይ ጆሮህን ጣል። አንዱ ቋሚ ኮሚቴ ነው። ስለ ሥራና ስለ ውጭ አገር ሥምሪት የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን የሚከታተለው የሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ሥምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ካሜራ ሲቀንስ ጥያቄው ይጨምራል። ሁለተኛው የዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት ነው። ይህ የጠፋ ብር ብቻ የሚፈልግ ኦዲት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ አደርጋለሁ ያለውን አድርጓል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኦዲተሩ ፋይል ገልጦ ነው የሚመጣው፤ በመንግሥት ወጪ ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ኃላፊዎቹ ውኃ ሲጠጡ ታያለህ።

እኔ የራሴ ጨዋታ አለኝ። ምስር ስለቅም «ተጠናክሮ ሊቀጥል ይገባል» በተባለ ቁጥር አንድ ምስር ወደ ጎን አደርጋለሁ። «አበረታች» ሲባል አንድ። «ክፍተቶች ቢኖሩም» ሲባል ሁለት። አንድ ቀን ለአንድ ሰው የሚበቃ ወጥ ወጣው።

ቁም ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው። «ለወጣቱ ሥራ ለመፍጠር ምን ታስቧል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሐሳብ ይሆናል። «አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝቅተኛ ደመወዝ እየተጠና ይወሰናል ብሏል፤ አዋጁ ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ቦርዱ የት ደረሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ወይ ቀን ነው ወይ ዝምታ ነው። ዝምታውም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል። ከደመወዝ ግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ከ2008 ጀምሮ ሳይነቃነቅ ቆይቶ በ2017 መጨረሻ ላይ ነው ወደ 2,000 ብር ያደገው። በመሀሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 በላይ ወጣ። የተከራዬን 15 ብር አስታወስክ? ያን ሁሉ ዓመት ስትቆረጥ ነበር። አንድ ተወካይ በየዓመቱ «600 ብር ዛሬ ምን ይገዛል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ባልፈጀ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሲዳማ ውስጥ ሽማግሌዎች ሲመክሩ «አፊኒ?» ይባላል፤ ሰማችሁ ወይ? ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ ነገሩ አይቋጭም። አራት ኪሎ ላይ ይህን ቃል ብንተክለው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እመቤት፣ ከሆሳዕና መጥቼ ሀዋሳ ንግድ ላይ ነኝ። ልጄ 19 ዓመቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም። ጓደኞቹ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍተዋል። ደላላው «እስከ ሞያሌ ያለውን ብቻ ስጡኝ፣ ሌላው ሲደርስ ይከፈላል» ይላል። መሬት ሸጠን ብንልከው ምን ይመስልዎታል? መንግሥትስ ስለዚህ መንገድ ምን ይላል?
(አንድ አባት)

መልስ፦ ጌታዬ፣ እንደ እናት ልመልስልዎ። አይላኩት።

መጋቢት 2012 ላይ ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ አውራጃ አንድ የጭነት መኪና ተያዘ። ኮንቴይነሩ ውስጥ 78 ኢትዮጵያውያን ነበሩ። 64ቱ አየር አጥሯቸው ሞተው ነበር። 14 ልጆች ከሬሳ መሀል ወጡ። ታኅሣሥ 2015 ላይ ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ ዳር 27 ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ይህ ሁሉ ከእኛ ደጅ በዲላ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ መጨረሻ ነው። ሱቅ የከፈቱት ይደውላሉ። ኮንቴይነር ውስጥ የቀሩት አይደውሉም። ስለዚህ የሚሰሙት የደረሱትን ብቻ ነው።

«ሲደርስ ይከፈላል» የሚለውን ደግሞ ደግመው ያስቡበት። ልጅዎ መያዣ ሆነ ማለት ነው። መንገድ ላይ ዋጋው ሲጨምር ስልኩ የሚደወለው ለእርስዎ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው በሕገወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግርን በከባድ እስራት ይቀጣል። ደላላውን ለፖሊስ መጠቆም ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል። መንግሥት በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ ይልካል፤ ስምምነት ካላቸው አገሮች ውስጥ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ኳታርና ዮርዳኖስ ይገኙበታል። ይህ በር ግን በአብዛኛው ለቤት ሠራተኛ፣ ለሴት ልጅ የተከፈተ ነው። ለ19 ዓመት ወንድ ልጅዎ የሚሆነው ጠባብ ነው። ይህን ሳልነግርዎ «በሕጋዊ መንገድ ይሂድ» ብል አሾፍኩብዎት ማለት ነው። መዝጋት ብቻውንም አያዋጣም። ጥቅምት 2006 ላይ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድ በመንግሥት ታግዶ ነበር። በዚያው ዓመት ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው መለሰችልን። እገዳው ለዓመታት ሲቆይ ሰው በባሕር መሄዱን አልተወም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ቁጥር ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4 በመቶ። ምክር ቤቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ስለዚህ ጠይቋል። ግን የቀሩት 90 ከምናምን በመቶ ልጆች የማን ናቸው? የትምህርት ሚኒስቴር ጨርሷቸዋል፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ደግሞ ያልተመዘገበን አያውቅም። ልጅዎ በሁለት ሚኒስቴሮች መሀል ያለ ልጅ ነው። ሁለቱን ሚኒስትሮች በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚጠይቅ ቋሚ ኮሚቴ ባይ መሬት ስሜ አመሰግን ነበር።

መሬቱን አይሽጡ። ልጁን እዚሁ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይውሰዱት፤ ብየዳ ወይም የመኪና ኤሌክትሪክ ይማር። ከፈለጉ እኔ ጋ ይላኩት፣ አነጋግረዋለሁ። አስቸጋሪ ወንድ ልጆች ይሰሙኛል፤ ባጃጅ ሹፌሩን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ወደ ዮርዳኖስ ለመሄድ ኤጀንሲ ጋ ተመዝግቤ ነበር። የቲኬትና የቪዛ ክፈይ ተባልኩ። ትክክል ነው?
(ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ አይደለም። በውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። የአንቺ ወጪ የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባትና የመሳሰለው ሰነድ ነው። ብር ከመስጠትሽ በፊት ደረሰኝ ጠይቂ። ደረሰኝ ስትጠይቂ ፊታቸው ከተለወጠ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄደሽ አጣሪ፤ የብቃት ማረጋገጫ፣ ሲኦሲ የሚባለውንም፣ አትዝለይው። ደብተሬ ላይ ካሉት ስድስቱ ሁለቱ ሳይማሩ ሄደው የልብስ ማጠቢያ ማሽን መክፈት ባለማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ተሰድበዋል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ነርስ ነኝ። እንግሊዝ አገር አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ አለ፣ ቪዛ እናወጣለን የሚሉ ሰዎች ቴሌግራም ላይ አሉ። ግማሹን አሁን ክፈይ ይላሉ።

መልስ፦ አትክፈዪ። በዚህ ሥራ ከውጭ አገር አዲስ ሠራተኛ ማስገባት ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ጀምሮ ተዘግቷል። በር የሌለው ቤት ቁልፍ ነው የሚሸጡልሽ።

የእንግሊዝን ነገር ካነሳሽ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ክረምት የእንግሊዝ ምክር ቤት የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ፣ በልማዳቸው ሁልጊዜ በተቃዋሚ አባል የሚመራው፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ስለ ሠራተኛ ቪዛ ጠየቀ። ኮሚቴው ያገኘው ምን መሰለሽ? መሥሪያ ቤቱ ቪዛቸው ያለቀባቸው ሰዎች ይውጡ ይቅሩ በወጉ አላጣራም። መግቢያው በር ላይ ቆጣሪ፣ መውጫው ላይ ማንም። ለካ እነሱም እንደኛው ናቸው። ልዩነቱ እዚያ ኮሚቴው ይህን በሪፖርት ጽፎ ለሕዝብ አወጣው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የምክር ቤት አባላችን በእረፍታቸው ወቅት ከመራጮች ጋር ይወያያሉ ተብሎ ከሰፈራችን ተወካይ ሆኜ ተመርጫለሁ። የሚሰጡን ሁለት ደቂቃ ነው። ምን ልበል?
(ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሠራው፤ መሀል ላይ አንድ ወር ያርፋል። ወደ እኛ የሚመጡት በእነዚህ ክፍተቶች ነውና አጋጣሚውን አታባክኚው።

መግቢያ አታብዢ። «መድረኩን ላዘጋጃችሁ» ብለሽ ከጀመርሽ ግማሽ ደቂቃ ሄደ። ስለ አገር አትጠይቂ፤ ስለ ፓርኩ ጠይቂ። አምና በዚህ ወር ፓርኩ ውስጥ ስንት ሰው ይሠራ ነበር፣ ዛሬስ ስንት? የጀማሪ ደመወዝ ስንት ነው? የደመወዝ ቦርዱ መቼ ነው የሚጀምረው? ይህ አንድ ደቂቃ ነው። በቀረሽ ደቂቃ «ይህን ለሚኒስትሯ በየትኛው ወር ያቀርቡልናል?» በያቸውና ጸጥ በይ። ወሩን እስኪነግሩሽ ማይኩን አትመልሺ። ከነገሩሽ እዚያው ፊታቸው ጻፊው። ሰው ሲጽፉበት ጥንቃቄ ይጨምራል፤ ከተማሪዎቼ የተማርኩት ነው።

አንዲቷ የቀረችው ተከራዬም በዚሁ ስብሰባ ላይ ትገኛለች። ትናንት ማታ መጥታ የኪራይ ደብተሩን አውሺኝ፣ ከፍቼ ላሳያቸው አለችኝ። ሰጠኋት። የራሷ የመብራት ሒሳብ ያለበትን ገጽ ብቻ አጥፌዋለሁ፤ የሁለት ወር አለባት።